የኋላ ወንበር ፈታሽ

ምራት የአራት ዓመት ልጇን መኪና ውስጥ በቀበቶ አስራ በሩን ስትዘጋ፣ ጡረተኛው መካኒክ አማቷ በየማለዳው መልሰው ይከፍቱታል። የልጅ መቀመጫውን እንደሚነቃነቅ ጥርስ ይዘው ይወዘውዙታል። ቀበቶውን በልጅቷ ትከሻ ላይ በሁለት ጣት ይቆነጥጡታል፤ ትርፍ ካገኙ ይስቡታል። "አልጠራጠርም" ይላሉ፤ "ብቻ ልየው።"

እንዲህ ያለ ሰው የማያጣ ቤት የለም። የተቆለፈ በር ይገፋል፤ የጠፋ ምድጃ ይዳስሳል። ክቡር ፈታሻችን ግን ጥርጣሬያቸው ዳር የለውም። ወፍራም ጃኬት ይጠረጥራሉ፤ "ቀበቶው የያዘው ጥጡን ነው፤ ልጅቷን ማን ያዛት?" ብለው ያስወልቋታል። አጭር መንገድም ይጠረጥራሉ።

"አባባ፣ ትምህርት ቤቱ እኮ እዚህ ማዶ ነው!" ትላለች ምራት።

"የአደጋስ ቤቱ ሩቅ ነው ያለሽ ማነው?"

አንድ ቀን ጎረቤት የራሱን ልጅ አሮጌ መቀመጫ በነጻ ሲያመጣ፣ አዛውንቱ ጨርቁን ገፈው ከጀርባው ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አገኙ።

"ተጋጭቷል?"

"ኧረ ትንሽ ነገር ናት!"

"እንግዲያው ትንሿን ነገር ተሸክመህ ተመለስ።"

ምራት ያን ቀን በሆዷ አመስግናቸዋለች። የማለዳው "ብቻ ልየው" ግን ያንገበግባታል። የገዛ ልጇን ማሰር የማትችል እናት አድርገው ነው የሚያይዋት? ለባሏ ብትነግረው "እኔ በአርባ ዓመቴ የጫማዬን ማሰሪያ ያዩልኛል" ብሎ ሳቀ።

ትናንት ለዓይን ሕክምና ልትወስዳቸው ጋቢና ገቡ። ቀበቶውን በደረታቸው አሳልፈው ጨዋ ሆነው ተቀመጡ። ሞተሩን ልታስነሳ ስትል ግን "ቀጭ" የሚለውን ድምፅ እንዳልሰማች ትዝ አላት።

"አልጠራጠርም አባባ፤ ብቻ ልየው።"

የቀበቶው ጫፍ ጭብጣቸው ውስጥ ነበር።

"ሆዴን ያጠብቀኛል" አሉ። "ለትራፊክ ፖሊስ እንደሆነ ይህም ይበቃዋል።"

"አባባ አጭበረበረ!" ልጅቷ ከኋላ ጮኸች።

አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ። "ስንቱን የተጋጨ መኪና አቅንቻለሁ" አሉ ዝግ ብለው። "አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ሥር ትንሽ ጫማ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ የምጠረጥረው ቀበቶውን ነው ልጄ፤ አንቺንማ አንድም ቀን።"

ምራት ጫፉን ከእጃቸው ወስዳ ቀጭ አደረገችው።

"እኔ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ የምጠረጥረው እርስዎን ነው።"

ዛሬ ጠዋት አንድ ዓይናቸው ታሽጎ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ደረጃውን ወረዱ። ምራታቸው ልጇን አስራ ጨርሳለች፤ የኋላውን በር ግን ሳትዘጋ ጠበቀቻቸው።