የወጣቱ ድምፅ፣ ጋሽ ጀማነህ

ሐበሻ በሰፈረበት የአሜሪካ ከተማ ሁሉ ራሱን በራሱ ጋዜጠኛ አድርጎ የሾመ አንድ ሰው አይጠፋም። ስልክ፣ የስልክ ማቆሚያና ሰው የማስለቀስ ጉጉት ካለው ይበቃዋል። ለኮሎምበስ የደረሱን ጋሽ ጀማነህ ናቸው፦ «የወጣቱ ድምፅ» የተባለው የዩቲዩብ ቻናል መሥራች፣ ባለቤት፣ ዋና አዘጋጅና ካሜራ ማን። ከዚህ ከባድ ኃላፊነት በተረፋቸው ሰዓት ካናል ዊንቸስተር በሚባል ሰፈር አንድ የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ፣ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳሉ።

ፀደይ እዚያው ዌርሃውስ የቸኮሌት ካርቶን ታሽጋለች። በዲቪ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። በ2021 ጁላይ፣ በማስኩ ላይ ሙቀቱ ሲብስባት፣ አንድ የተቃውሞ ራፕ ጻፈች።

«ለቸኮሌቱ ኤሲ፣ እንዳይቀልጥ ብለው፤
እኛስ ስንቀልጥ፣ ማነው የሚያየው?»

የፈለገችው አንድ ነገር ነው፤ ዘፈኑ ተሰምቶ ለሠራተኛውም ኤሲ እንዲገባ። ጋሽ ጀማነህ ይህን ሲሰሙ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ወዳለ የሐበሻ ምግብ ቤት ወስደው ካሜራቸውን ደቀኑባት።

«እስቲ የኔ ልጅ፣ የተራብሽበትን ቀን አጫውቺን።»

«ኧረ ጋሼ፣ አልተራብኩም። ሥራ ቦታ ይሞቃል ነው ያልኩት።» ይህን ስትል ፊቷ ያለው በየዓይነቱ ተጋምሷል።

«ገባኝ። ግን ብትራቢ ኖሮ ምን ይሰማሽ ነበር?»

ቪዲዮው «እንባ በእንባ! የአሜሪካ ኑሮ የሰበራት ወጣት» ተብሎ ወጣ። ፊቷን፣ ይበልጥ ያሳዝናል ብለው፣ አደብዝዘውታል። ከዘፈኑ የተረፉት ሁለቱ ስንኞች ብቻ ሲሆኑ ከሥራቸው ዋሽንት ያለቅሳል፤ ለዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ሲባልም የእንግሊዝኛ ትርጉም ተጽፎላቸዋል። ደሴ ያለችው እናቷ በድምጿ ለይታት «ልጄን ረሃብ ሊገድልብኝ ነው» እያለች ስታለቅስ ዋለች።

ፀደይ ደሟ ፈላ። «ጋሼ፣ አሁኑኑ ዲሊት ያድርጉልኝ።»

«ፀድዬ፣ ካላለቀሱ ማን ይሰማል?» አሏት። ከልባቸው ነው።

በሳምንቱ ማናጀሩ ሠራተኛውን ሰበሰበ። ቪዲዮው ከነትርጉሙ ደርሶታል። «ይህን የጻፈ ሰው ዛሬውኑ ይሰናበታል» አለ። የሚያውቁት ሁሉ ጫማ ጫማቸውን ያያሉ። ፀደይ እጇን ልታነሳ ስትል ጋሽ ጀማነህ ከፎርክሊፍታቸው ወረዱ።

«አይ ሮት ኢት» አሉ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ ለማለት፣ ደረታቸውን ነፍተው።

በዚያው ቀን ተሰናበቱ፤ ዛሬ ኢስተን በሚባል ሰፈር አንድ ሆቴል የእንግዳ መኪና ያቆማሉ። ለዌርሃውሱ ሠራተኛ ኤሲ ሳይሆን ሁለት ፋን ገብቶለታል፤ እሱንም «በእኔ ዘፈን የመጣ ነው» ይላሉ ጋሽ ጀማነህ። ስንኙ እንዴት እንደመጣላቸው ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም ያብራራሉ፣ አንዳንዴም ፀደይ አጠገባቸው ቁጭ ብላ። አንድም ቀን አላረመቻቸውም። ትወዳቸዋለች፣ ሌላ ምን ይባላል። ሁለተኛውን ዘፈኗን ስትጨርስ መጀመሪያ ያሰማችው ለእሳቸው ነው። አንድ ስንኝ ላስተካክልልሽ ብለው አበላሹባት፤ እሷም እንደተበላሸ ዘፈነችው።