የአያ ደሴ ሲዲዎች

ዕቃ መጣልን እንደ ኃጢአት የሚቆጥር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ወረታ ውስጥ አጥር የሚያዋስነኝ አንድ አለ፤ አያ ደሴ ይባላሉ። የሲዲ ማጫወቻ ከየቤቱ ሲጠፋ የሰፈሩን ሲዲ ሁሉ ሰበሰቡ። አንዱን የእንስራ ክዳን አደረጉት። መሀሉ ቀዳዳ መሆኑን ማን ደፍሮ ይንገራቸው? "እንዳትሰብሩት፣ ስባሪው ምላጭ ነው፤ እንዳታቃጥሉትም፣ ጭሱ ደረት ይይዛል" እያሉም ይመክሩናል።

ዘንድሮ ሩዙ ሲያፈራ ቁሐር ሚካኤል ባለው ማሳቸው ላይ ሲዲዎቹን በሲባጎ አንጠለጠሏቸው። ከዋክብት ለአጨዳ የወረዱ ይመስል ማሳው አብረቀረቀ። የግሪሳ ወፉም ሸሸ። አያ ደሴ አገር እንደ ገዛ ሰው ጎርደድ ጎርደድ አሉ።

አንድ ቀን ባለቤታቸው እቴ ጥሩ ምሳ ይዘው መጡ። ከተንጠለጠሉት አንዱን ገልበጥ አድርገው ጽሑፉን ሲያዩ የልጃቸው የሠርግ ሲዲ ሆኖ አገኙት። የእቴ ጥሩ ሟች እናት ሲጨፍሩ የሚታዩት እዚያ ላይ ብቻ ነበር። የሚያብረቀርቀውን ፊቱን ፀሐይና ጤዛ ልጠውታል፤ ከእንግዲህ አያጫውትም።

አያ ደሴ አንገታቸውን ደፉ። እቴ ጥሩ ግን አልተቆጡም።

"እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ እዚሁ ማሳ ላይ ወፍ ስትጠብቅ ኖረች" አሉ። "ሞታም አላሳረፍናት።"