የአቶ ኣስፋሃ ቀይ ፍሬን

የመቐለው ዓይናለም ሰፈር ነዋሪና የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ የሆኑት አቶ ኣስፋሃ፣ የአሮጌ ኮሮላቸውን ፍሬን አውጥተው የእሽቅድምድም መኪና ፍሬን አስገጠሙ። ውሳኔው ተገቢ ነበር። ከቤት እስከ ቢሮ በየቀኑ የሚነዱት ከአህያ ጋሪ ኋላ ሆነው ነው፤ ጋሪ ደግሞ መቼ እንደሚቆም አይታወቅም።

ሐሳቡ የመጣላቸው ስልካቸው ላይ ካዩት ቪዲዮ ነው። በዚያው ሰሞን ባለቤታቸው ወይዘሮ ለተንሳኤ ሌላ ሐሳብ አቅርበው ነበር።

“ኣንታ ሰብኣይ፣ ጎማው እኮ ተልጦ አልቋል። መጀመሪያ እሱን ቀይር።”

“ጎማማ ማንም ይቀይራል” አሉ አቶ ኣስፋሃ። “እኔ የማወራሽ ስለ ቴክኖሎጂ ነው።”

“ያለው ፍሬን ምን ሆነ?”

“ምንም አልሆነም።”

“ይይዛል?”

“ይይዛል። ግን ደረጃውን የጠበቀ አያያዝ አይደለም።”

ከወሎ መጥቶ መቐለ ላይ ጋራዥ የከፈተው ጀላሉ ነገሩ የገባው ገና ሳይነገረው ነው። “ሓለቓ፣ ይሄ ፍሬን ወላሂ አውሮፕላን ያቆማል” አላቸው።

“የኔ መኪና ያን ያህል አትሮጥም እንጂ።”

“እሱ የሞተሩ ድክመት ነው። ፍሬኑ በበኩሉ ዝግጁ ነው።”

ተገጠመ፤ ቀይም ተቀባ። ቅላቱ ለሕዝብ እንዲታይ አቶ ኣስፋሃ የቸርኬውን ክዳን አስወለቁ። በመጀመሪያው ቀን ፔዳሉን በእግራቸው ጣት ነካ ቢያደርጉት ግንባራቸው ከመሪው ተላተመ፤ ከኋላ የነበረው ባጃጅም ኮሮላዋን ከኋላ ገጨ። የባጃጁ ሹፌር ሙነወር ወርዶ መንገዱን ግራ ቀኝ አየ።

“ጋሼ፣ ፊትዎ ምንም የለም እኮ! ለምን ቆሙ?”

“ስለሚቆም ነዋ” አሉ አቶ ኣስፋሃ፣ በፈገግታ።

በሰኞው ስብሰባ ለሠራተኞቻቸው ስለ ፍሬን ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። ቀጣዩ ሰኞ ሳይደርስ ቡድን መሪዎቹ ሁሉ ፍሬን ቀየሩ። መኪና የሌለው ምክትላቸው ሓፍቶም ወደኋላ ላለመቅረት ፍሬኑን ብቻ ገዝቶ ቢሮው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። ባለጉዳይ ሲገባ ያስጎበኛል።

ክረምት ገባ። አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ልጃቸው ኣርሴማን ምጥ ያዛት። አቶ ኣስፋሃ እሷንና እናቷን ኮሮላዋ ላይ ጭነው ወደ ዓይደር ሆስፒታል ገሰገሱ። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ኣርሴማ የፊቱን ወንበር በሁለት እጇ ጨብጣ፣ “ኣቦይ፣ በፈጠረህ ቀስ በል!” አለች።

“ቀስ የሚለው ፍሬኑን የማያምን ነው፣ ጓለይ።”

ይኸን ብለው ሳይጨርሱ አንዲት አህያ መሐል አስፋልት ላይ ቆማ አዩ። ረገጡት። ፍሬኑ ቃሉን አላጠፈም፤ አራቱም ጎማዎች በቅጽበት ቀጥ አሉ። ኮሮላዋ ግን በመላጣ ጎማዎቿ እርጥቡ አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና ተንሸራተተች። አህያዋ ነገሩን አይታ ዞር ብላ አሳለፈቻት። ኮሮላዋም ቦይ ውስጥ ገብታ ተኛች።

ማንም አልተጎዳም፤ ምጡ ግን ፋታ አይሰጥም። ወይዘሮ ለተንሳኤ ጭቃው ውስጥ ወርደው፣ ነጠላቸውን እያውለበለቡ የሚያልፍ ባጃጅ አስቆሙ። ልጃቸውን ደግፈው አስገቡ።

“እኔስ? ልምጣ እንጂ!” አሉ አቶ ኣስፋሃ እየሮጡ።

“ቦታ የለም። አንተ ከፍሬንህ ጋር ቆይ።”

ባጃጁ ሄደ። አቶ ኣስፋሃ ዝናቡ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ስልካቸውን አሁንም አሁንም ያያሉ። ኋላ ስልኩ ጮኸ። የለተንሳኤን ድምፅ ከመስማታቸው በፊት የሕፃን ለቅሶ ሰሙ። ሴት ልጅ ናት፤ እናትም ልጅም ደኅና ናቸው። ቦዩ ዳር ተቀምጠው እንደ ልጅ አለቀሱ።

በዚህ መሐል የትራፊክ ፖሊስ ደረሰ። “ፍሬን እምቢ አለዎት እንዴ?” ሲል ጠየቀ።

አቶ ኣስፋሃ እንባቸውን ጠረጉ፤ ተነሥተው ኮታቸውን ቆለፉ።

“ፍሬኑ ተልዕኮውን በብቃት ተወጥቷል። ጎማዎቹ ወዲያውኑ ቆመዋል። መኪናዋ ለምን እንደቀጠለች የሚመለከተው ሌላ አካል ነው።”

“ማነው ሌላው አካል?”

“በጥናት ይለያል።”

ይህ መልስ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ታላቅ አድናቆት አተረፈ። ጉዳዩን እንዲያጠና የተቋቋመው ኮሚቴም ተሞክሮው እንዲሰፋ ወሰነ፤ ለጽሕፈት ቤቱ ብቸኛ መኪናም ቀይ ፍሬን ተገጠመላት። መኪናዋ ሞተሯ ከወጣ ዘመን አልፏል፤ ግቢው ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሪባን ተቆረጠ፤ ንግግር ተደረገ።

ዓመታዊው ሪፖርት እንደሚያስረዳው፣ መኪናዋ አዲሱ ፍሬን ከተገጠመላት ወዲህ አንድም አደጋ አላደረሰችም። ይህ ሲነበብ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።