ስለ ክፍለ ጊዜ ብክነት የተደረገው ታላቅ ስብሰባ

ታሪክ ሸዋ ሮቢትን የሚያውቃት በአላፊ መንገደኝነት ነበር፤ ከደብረ ሲና ይወርዳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ወደ ካራቆሬ ያልፋል። በዚያ በግምገማ ዘመን፣ ርእሰ መምህሩ አቶ ልዑል ከሥልጠና የተመለሱ ዕለት ግን ታሪክ ከሚኒባስ ወርዶ ትምህርት ቤታችን ገባ። ይዘውት የመጡት ጥበብ «ተሳታፊ መር ስብሰባ» ይባላል።

በሳምንቱ ወላጆችና መምህራን አንድ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ታጨቁ።

«ከዛሬ ጀምሮ ስብሰባ የምትመሩት እናንተ ናችሁ!» አሉ አቶ ልዑል። «እንዴት እንደምትመሩ እስክነግራችሁ ድረስ ግን ማንም እንዳይናገር።»

ተጨበጨበ። በእኛ ዘመን መጀመሪያ ይጨበጨባል፤ ነገሩ በኋላ ይገባል።

አቶ ልዑል ባለድርሻ አካል ምን እንደሆነ፣ አቅጣጫ እንዴት እንደሚቀመጥ እስከ እኩለ ቀን አብራሩ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው ሃምሳውንም ብቻቸውን ተሸከሙ። ቆርቆሮው ሲግል የሒሳብ መምህሩ ሞገስ ዓይናቸውን ጨፍነው በጥልቀት ተሳተፉ።

በመጨረሻ አቶ ልዑል «እንግዲህ ምሩ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ፤ እንዲለመኑ ግን ብዙ አልራቁም። ሽንኩርት ነጋዴዋ እትዬ አሪፋ ልመናውን ዘለሉትና «ቢስሚላህ» ብለው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ጋሼ ልዑል፣ ልጆቻችን የት አሉ?»

«ወደ ቤት ሰደናቸዋል። ክፍሉ ለስብሰባ ተፈለገ።»

«ባለፈው ሳምንትስ?»

«የዝግጅት ስብሰባ ነበረን።»

«የዛሬው ስብሰባ ስለ ምንድን ነው?»

አቶ ልዑል ደረታቸውን ነፉ። «ስለ ክፍለ ጊዜ ብክነት!»

ከኋላ ሳቅ ፈነዳ። እትዬ አሪፋ አልሳቁም።

«የኔዋ ዘምዘም ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች፤ የሒሳብ መጽሐፉን ግማሹን እንኳ አላየችም። ስብሰባው ይፈተንላታል? መምህር ሞገስ፣ ልጆቹ ቢጠሩ ዛሬውኑ ያስተምራሉ?»

መምህሩ ባነኑ። «ማን ከልክሎኝ? ጠመኔው ኪሴ ውስጥ ነው!»

አቶ ልዑል እጃቸውን አወጡ።

«እርስዎ ተናግረዋል፤ ሌላውም ይሳተፍ እንጂ» አሏቸው እትዬ አሪፋ። «ልጆቹ እንዳይጠሩ የሚል አለ?»

አቶ ልዑል ሁለተኛውንም እጃቸውን ጨመሩ።

«ሁለት እጅ፣ አንድ ሰው» ብለው እትዬ አሪፋ ስብሰባውን ዘጉ።

ከሰዓት በኋላ ደወሉ ተደወለ። ልጆች እየሮጡ ገቡ፤ ትምህርት ቤቱም ወሩን ሙሉ ትምህርት ቤት ሆኖ ዋለ። ዘምዘም ሽንኩርት እየለቀመች ስሌት ታነበንብ ጀመር። አቶ ልዑልም የሚሰበስቡት ሰው ሲያጡ አምስተኛ ክፍል ገብተው ጂኦግራፊ አስተማሩ፤ ጎበዝ አስተማሪ ሆነው መገኘታቸው ራሳቸውን አስደነገጣቸው።

ወሬው ከበላይ አካል ጆሮ ደረሰ። «ምርጥ ተሞክሮ ነው፤ ይስፋ!» ተባለ። ልዑካን በመኪና በመኪና ጎረፉ። ማስቀመጫ ክፍል ስላልተገኘ ተማሪዎቹ ለሦስት ቀን ተሰናበቱ። እትዬ አሪፋም መድረክ ላይ ወጥተው ምስጢሩን እንዲያካፍሉ ተጋበዙ።

«ልጆቹ ይጠሩ፤ አስተማሪው ይግባ። አለቀ» አሉ።

ጭብጨባው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። የልዑካኑ መሪ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ተነሡ።

«ይህን የመሰለ ጥልቅ ሐሳብ በሦስት ቀን አንወጣውም። ውይይቱ ሳምንቱን ሙሉ ይቀጥልልን!»

ሐሳቡ በጭብጨባ ጸደቀ። ትምህርት የሚዘጋ መሆኑን ለልጆቹ እንዲነግሩም እትዬ አሪፋ በክብር ተመረጡ።