ጋሽ ቢቀርስ

በየመሥሪያ ቤቱ ፀሐይ ነገ ለመውጣቷ ዋስ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። የእኛው ክቡር ሰው «ጋሽ ቢቀርስ» ይባላሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን፤ ከአፋቸው የማይለየውን ቃል መልሰን ሰጠናቸው።

የእኔና የእሳቸው ጠረጴዛ ጎን ለጎን ነው። መድን ድርጅት ውስጥ ለሕንፃ ተቋራጮች ዋስትና እንሰጣለን። ተቋራጩ ሥራውን ጥሎ ከጠፋ የምንጠየቀው እኛ ነን። ሥራው ሰውን ተጠራጣሪ ያደርጋል፤ እሳቸው ግን ከእናታቸው ሆድ ጀምሮ እንዲሁ ነበሩ ይባላል። ሻይ ሲያዙ አስተናጋጇን «ውሃው ሳይፈላ ቢቀርስ?» ይሏታል። በወጣትነታቸው የወደዷትን ልጅ አባት፣ «ኋላ ሐሳቧን ብትለውጥ ማን ይጠየቃል?» ብለው ጠየቁ አሉ። ልጅቷ ሌላ አገባች። እሳቸው ብቻቸውን ቀሩ።

ሳይጠይቁ የሚያምኑት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው እየመጣ ዳማ አብሯቸው የሚጫወት ተቋራጭ። ክሊኒክ ለመሥራት ጨረታ ሲያሸንፍ ዋስትናውን ራሳቸው ፈረሙለት። ጣሪያው ሳይመታ ሰውየው ስልኩን ዘግቶ ጠፋ።

አለቃችን «ውሉ ላይ እንከን ፈልጉና እንከራከር» አለ።

ጋሽ ቢቀርስ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ፈርመናል። የሰፈሩ ሰዎች የሚጠብቁት ክሊኒክ ነው እንጂ ክርክር አይደለም» አሉ።

ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ድርጅታችን ሌላ ተቋራጭ ቀጥሮ ሥራውን ለማስጨረስ ተስማማ። እሳቸውም ከሥራ ሲወጡ በቀጥታ ወደ ግንባታው እየሄዱ ብሎኬቱን በጣታቸው ያንኳኩ ጀመር። ግንበኞቹ ከሩቅ ሲያዩአቸው «መጡ ደግሞ» ይባባሉ ነበር።

ክሊኒኩ ሲመረቅ የጠራን የለም። በሳምንቱ፣ ዓርብ ቀን፣ ሁለታችን ሄድን። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተራ ይጠብቃሉ። ጋሽ ቢቀርስ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጣሪያውን ያያሉ።

«ያንን ሰው ቢያገኙት ምን ይሉታል?» አልኳቸው። ስድብ ጠብቄ ነበር።

«ሲቸግርህ ምነው ሳትነግረኝ፣ እለዋለሁ።» ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳያነሡ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም በሩን ገርበብ አድርጌ ነው የምቀመጠው» አሉ።

በማግስቱ ሄድኩ። በሩ እውነትም ገርበብ ብሏል። «ዳማ አልችልም፤ ያስተምሩኛል» አልኳቸው። ያለ አንዳች ርኅራኄ ሲያሸንፉኝ ዋሉ። ስወጣ እስከ ታክሲው ሸኙኝ፤ በሩን ከዘጉልኝ በኋላም መስኮቱን ያዝ አድርገው ስለ አጨዋወቴ ሲወቅሱኝ፣ ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቃቸው።