ከፖስታው ጋር የተጓዙት ልብስ ሰፊ

ፖስታውን አስረክቦ፣ ደረሰኙን ኪሱ ከትቶ ወደ ጉዳዩ የሚሄድ ላኪ እንዳለ ይወራል። ከፈጣን መልእክት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የሚውል ሰው ግን እንዲህ ያለውን ፍጡር እምብዛም አይቶት አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ሌላውን ነው፦ ፖስታውን በእጁ ሰጥቶ በልቡ ያልሰጠውን፣ ወረቀቱ ሲሳፈር አብሮ የሚሳፈረውን። በየቅርንጫፉ አንድ አይጠፋም።

የዚህኛው ቅርንጫፍ ድርሻ ልብስ ሰፊው ነበሩ። እሳቸው በሌሉበት ሠራተኞቹ «ክቡር ላኪ» ይሏቸዋል፤ ፊት ለፊት ግን «ጋሼ» ናቸው።

ክቡር ላኪ መጀመሪያ የመጡ ዕለት በብብታቸው ሸጉጠው የገቡት የልጃቸውን የነርስነት ዲፕሎማ ነው፤ ከነፍሬሙ፣ ከነመስታወቱ፣ ከተሰቀለበት ሚስማር ጋር። ልጅቷ በሄደችበት ባሕር ማዶ አንድ ሆስፒታል ልትቀጠር ነው። ዋናው ዲፕሎማ ወሩ ሳያልቅ ካልደረሰን ቦታውን ለሌላ ሰው እንሰጣለን ብለዋታል።

«ጋሼ፣ መስታወቱ አይሄድም» አለቻቸው መዝጋቢዋ፣ ፖስታ እየመዘነች የምትቀበለው ወጣት።

«ለምን ሲባል?»

«ይሰበራላ።»

«እኔ ሱቅ ግድግዳ ላይ ይሄን ሁሉ ዘመን ሲኖር መች ተሰበረ?»

«የእርስዎ ግድግዳ አይበርማ!»

መልሷ አሳቃቸው። ፍሬሙን እዚያው በመቀሳቸው ፈልቅቀው ዲፕሎማውን አወጡት። ግን እንዲህ ራቁቱን በካርቶን ፖስታ ሊያሳፍሩት? ጭራሽ! ሱቃቸው ተመልሰው፣ ገበርና ዚፕ ያለው የጨርቅ ኪስ ሰፍተውለት መጡ። እንዲህ ለብሶ የሄደ ወረቀት በቅርንጫፉ ታሪክ አልታየም።

ቀጥሎ የዋጋው ነገር መጣ።

«የዕቃው ዋጋ ስንት ይባል፣ ጋሼ?»

«ዋጋ የለውም።»

«ዜሮ ልበለው?»

«ዜሮ!» አሉና ባንኮኒውን በሁለት እጃቸው ያዙት። «አንቺ ልጅ፣ እሷን ለማስተማር ስንት ኮት እንደሰፋሁ ታውቂያለሽ?»

«ኮምፒውተሩ ቁጥር ካልገባለት አያልፍም።»

«እንግዲያው እንዲህ ያለ ቁጥር ይችል እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

መዝጋቢዋ ስክሪኑን ወደ ራሷ ዘወር አድርጋ አንዲት ትንሽ ቁጥር ሹልክ አድርጋ አስገባች። እስከዛሬም አልነገረቻቸውም።

ከማግስቱ ጀምሮ ክቡር ላኪ በሩ ሲከፈት ደጃፍ ላይ ናቸው፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ። ሰላምታቸው አንድ ነው፦ «ልጄ፣ ወረቀቴ የት አደረ?»

የመከታተያ ቁጥሩን ለእሳቸውም ሰጥታቸዋለች፤ በስልካቸው ማየት ይችላሉ። ግን ስልክን ማን ያምናል? ሰው ካልነገራቸው አይሆንላቸውም። አንድ ቀን ታዲያ ፖስታው ልጅቷ ካለችበት በተቃራኒ አቅጣጫ ያለ ከተማ ማደሩን ሰሙ።

«ልጄ ያለችው በዚህ በኩል ነው» አሉ በቀኝ እጃቸው ወደ መስኮቱ እያሳዩ። «ወረቀቴ በዚያ በኩል ምን ሊሠራ ሄደ?»

«መሸጋገሪያ ነው። ከዚያ ተጭኖ ይመለሳል።»

«እኔ ሱሪ ላሳጥር ብዬ በኮሌታ በኩል ዞሬ አላውቅም!»

ደንበኛው ሁሉ ሳቀ። መሳቁን ሲያዩ ደግሞ ወንበር ስበው ተቀመጡና ያልተጠየቁትን ምክር ማደል ጀመሩ። የአንዷን ነጋዴ ፖስታ ተቀብለው አድራሻውን በመነጽራቸው መረመሩት። «ይቺ ሰባት ናት አንድ? እኔ እንኳ ካላወቅኋት ፈረንጁ እንዴት ይወቃት? በይ አስተካክያት።» ሴትየዋ እሺ ብላ አስተካከለች። ሥራ አስኪያጁ ብቅ ብሎ «አዲስ ሰው ቀጥረናል እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

አንድ ጠዋት ግን መዝጋቢዋ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ስክሪኑ ላይ «ተቀባይ አልተገኘችም» ይላል። አድራሹ ደጇ ድረስ ሄዶ፣ አንኳኩቶ፣ የሚከፍትለት አጥቶ ተመልሷል። ወሩ ሊያልቅ ደግሞ አንድ የሥራ ቀን ብቻ ነው የቀረው።

ክቡር ላኪ ገቡ። ፊቷን አይተው ሰላምታቸውን ዋጡት። ነገሩን ስትነግራቸው አልጮኹም፤ አልቀለዱም።

«ከግድግዳ ያወረድኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ምነው ራሴ ይዤላት በሄድኩ።»

መዝጋቢዋ የሚሰለፈውን ሰው ለባልደረባዋ ተወችና ባሕር ማዶ ወዳለው ቅርንጫፍ ደወለች። ይህ የእሷ ሥራ አልነበረም። ከስልኩ ሙዚቃ መጣ፤ ክቡር ላኪ ጆሯቸውን ደቀኑ።

«እኛ እንዲህ ሆነን እነሱ ይዘፍናሉ?»

«ጠብቁ ማለታቸው ነው፣ ጋሼ።»

በመጨረሻ ሰው ተገኘ። ፖስታው ቅርንጫፉ ውስጥ ነው፤ መታወቂያዋን ይዛ ከመጣች ዛሬውኑ ትወስዳለች። አባት ወደ ልጅ ደወሉ፣ አታነሳም። ደግመው ደወሉ፣ አታነሳም። እስክትቀጠር ድረስ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለችና ስልኳ ድምፁ ተዘግቶ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ስታነሳው ክቡር ላኪ «እንዴት ነሽ?» እንኳ አላሏትም።

«ሩጪ!» ነው ያሏት።

ያን ቀን ሱቃቸው ሳይከፈት ዋለ። ከሰዓት በኋላ ስክሪኑ ተለወጠ፦ «ተረክባለች»። ከሥሩ የተሞነጫጨረ ፊርማ አለ። ክቡር ላኪ መነጽራቸውን ጠርገው ቀረቡ።

«ይሄ የእሷ አይደለም። የእሷ ፊርማ ሸጋ ነው።»

«በጣት እኮ ነው የሚፈረመው፣ ጋሼ።»

ሊከራከሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ስልካቸው ጮኸ። «አባዬ፣ ያዝኩት!» የሚለው ድምፅ ባንኮኒው ጀርባ ድረስ ተሰማ። ክቡር ላኪ «እህ» አሉ፣ ደግመው «እህ» አሉ፤ ከዚያ ስልኩን ለመዝጋቢዋ አቀብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በማግስቱ አልመጡም። በሳልስቱም አልመጡም። ሥራ አስኪያጁ «እፎይ» አለ። መዝጋቢዋም «እፎይ» አለች፤ አለች እንጂ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትል ነበር።

ሌላው ሳምንት እንደገባ በሩ በእግር ተገፍቶ ተከፈተ። የክቡር ላኪ ሁለት እጆች ትልቅ ጥቅልል አቅፈዋል። ጥቅልሉን ባንኮኒው ላይ አሳርፈው ስልካቸውን አወጡ። ልጅቷ በሆስፒታሉ በር ላይ ቆማ፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ ፎቶ ተነስታለች። አባት ግን ጥርሷን አላሳዩም፤ ምስሉን በጣታቸው አጎልተው ትከሻዋን አሳዩ።

«እስቲ እዪልኝ። ይሄ ትከሻ ነው መጋረጃ? የዚያ አገር ሰፊ ለመሆኑ ሜትር ያውቃል? ሁለት ጋዋን በልኳ ሠርቼላታለሁ። አንዱ ሲታጠብ አንዱን ትለብሳለች። እና ልጄ፣ ይሄ ነገር... መንገዱ እንዴት ነው?»

ባልደረባዋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «አለቀልሽ» አላት።

መዝጋቢዋ አልሰማችውም። ጥቅልሉን ሚዛኑ ላይ አውጥታ፣ ከጀርባቸው እስከ በሩ የተሰለፈውን ሰው ሳታይ፣ «ይቀመጡ ጋሼ፣» አለቻቸው። «ዛሬ እንደሁ ምንም ሥራ የለብኝም።»