ያለቀው ቤዝመንት

አማርኛ ውስጥ እንደ «አለቀ» ያለ ተንኮለኛ ቃል አላውቅም። ስኳር ያልቃል፣ ጫማ ያልቃል። ትምህርት ሲያልቅ ይጨፈራል፣ ሰው «አለቀልኝ» ሲል ይለቀስለታል። ቤት ተሠርቶ ሲያልቅ ይመረቃል፤ ያው ቤት አርጅቶ ሲያልቅ ይፈርሳል። አንድ ቃል እንዴት ለምርቃትም ለለቅሶም ይሆናል? እኔ በዚህ ቃል ምክንያት መኝታ ክፍሌን ላጣ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ልንገራችሁ። በአፌ ዝምተኛ ነኝ፤ የተጠራቀመው ሁሉ የሚወጣው በእጄ ስለሆነ ቢረዝምባችሁ ታገሡኝ።

ቶሮንቶ የመጣሁት ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ነው። አባዬ ቀድሞ መጥቶ ዓመታት ከሠራ በኋላ ነው እኔንና እማዬን ስፖንሰር ያደረገን። ልንደርስ ስንል ዌስተን የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጥግ፣ አንዲት አሮጌ የጡብ ቤት ገዛ። የዕቃ ባቡር ባለፈ ቁጥር ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ይንቀጠቀጣሉ። እማዬ «ጸሎት ጀመሩ» ትላቸው ነበር።

እዚያ ቤት ፎቅ ላይ የእኔ ክፍል ነበረች። ክፍል ስላችሁ አንድ አልጋና አንድ ወንበር ነው የምትይዘው። ግን በር ነበራት። አገር ቤት ከአክስቴ ልጆች ጋር ለአራት ነበር የምንተኛው፤ እንግዳ ሲመጣ የምገባበት ይጠፋኝና ሽንት ቤት እደበቅ ነበር። ዓይን አፋር የሆናችሁ ይገባችኋል። ለሌላው ሰው በር መግቢያ ነው። ለእኛ ግን መዝጊያ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ዘግቼ ከፈትኩት፤ አራተኛውን ዘግቼ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በመጣን በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ አባዬ ሥራ ላይ እያለ አንድ ሰው በር አንኳኳ። ወረቀት የተቆነጠጠበት ሰሌዳ ይዟል። ቤት ለግብር ከሚገመትበት መሥሪያ ቤት ነው የመጣሁት አለ። እማዬ እንግሊዝኛዋ «ሃሎ» እና «ታንክዩ» ነበር፤ ስለዚህ እኔን ከክፍሌ ጎትታ አውርዳ ፊቱ አቆመችኝ። ስንት መኝታ ቤት፣ ስንት መታጠቢያ ብሎ ጠየቀ፤ በጣቴ ቆጠርኩለት። ከዚያ ቤዝመንታችሁ፣ ከመሬት በታች ያለው ክፍላችሁ፣ ፊኒሽድ ነው ወይ አለ። ፊኒሽ ማለት መጨረስ እንደሆነ አራተኛ ክፍል ተምሬያለሁ። ወደ እማዬ ዞሬ፣ «ቤዝመንቱ አልቋል ወይ ይላል» አልኳት።

እማዬ ይህን ጥያቄ ስትጠብቅ የኖረች ነው የመሰለችው። «አልቋል እንጂ፤ ንገሪው። ግድግዳው አልቋል፣ ወለሉ አልቋል፣ ደረጃውም አልቋል።»

እኔም ነገርኩት። ሁሉም ፊኒሽድ ነው፣ ደረጃው ሳይቀር። ሰውየው ደስ ብሎት ጻፈ። እንግሊዝኛሽ ጎበዝ ነው ብሎኝ ሄደ። እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ። «በለፈለፉ ይጠፉ» የሚባለው ብዙ ለሚናገር ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ በሁለት ቃልም ይጠፋል።

በሚቀጥለው ዓመት የፕሮፐርቲ ታክሱ፣ የቤት ግብሩ ማለት ነው፣ ወረቀት አሻቅቦ ሲመጣ አባዬ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ እንደገና አየ። ወረቀቱ አልተለወጠም። ከዚያ የሚከፍለው ከየት እንደሚመጣ ራት ላይ አሰበና ፈረደ። ወይ ግብሩ ይወርዳል፣ ወይ የፎቋ ክፍል ለተማሪ ትከራያለች። እኔስ? እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ። ሳሎናችን ደግሞ ረቡዕና ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቡድን የሚሰበሰብበት ነው። አስቡት እንግዲህ፤ ብርድ ልብሴን አጣጥፌ ሳልጨርስ አሥራ ሁለት እናቶች ጉንጬን ሊስሙ ነው።

እንዲህ ሲሆን ነው አባዬ ጋሽ ታምራት ዘንድ የወሰደኝ። ጋሽ ታምራት ጡረታ የወጡ የታክሲ ሹፌር ናቸው፤ ዳንፎርዝ የሚባለው መንገድ ላይ አንድ ካፌ ውስጥ የማይነቃነቅ ወንበር አላቸው። ቤት ከገዙ ብዙ ዓመታቸው ስለሆነ ስለ ታክስ የሚጠየቁት እሳቸው ነበሩ። የአባዬ እንግሊዝኛ የፋብሪካ ነው፤ ዕቃ ለሚያነሣበት ፎርክሊፍት ይበቃል፣ ለወረቀት አይበቃም። ስለዚህ እኔ ወረቀት አንባቢ ሆኜ ሄድኩ።

ጋሽ ታምራት ማኪያቷቸውን እያማሰሉ መጀመሪያ ዕድሜውን ጠየቁት። ገቢው ዝቅ ላለ አዛውንት ከተማው የግብር እፎይታ ይሰጣል አሉ። አባዬ አንገቱን ደፋ። ለካ አገር ቤት ወረቀት ሲያወጣ ዕድሜውን ቀንሶ ኖሯል። የቀነስኳትን መልሱልኝ ብላቸው ይመልሱልኛል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ የምሩን ነበር።

«አይ ልጄ» አሉት ጋሽ ታምራት፣ «ዕድሜ ሲቀነስ ግብር አብሮ አይቀነስም።»

ቀጥለው ጎረቤታችሁ ስንት ይከፍላል አሉ። ጎረቤታችን አንዲት ፖርቱጋላዊት ባልቴት ናት፤ ቤቷና ቤታችን አንድ ግድግዳ የሚጋሩ መንትያ ናቸው። አባዬ በአጥር ላይ ጠይቋት ነበር፤ ከእኛ ታንሳለች። ይህን ሲሰሙ ጋሽ ታምራት ማንኪያውን አስቀመጡ። መንትያ ቤት እኩል ካልተገመተ ስለ ቤታችሁ የተጻፈ ስህተት አለ፤ ሰው ስለ ራሱ የተጻፈውን ማንበብ አይወድም፣ ሂዱና አንብቡ አሉ። ስህተት ካለ እንደገና ይታይልኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ ቀነ ገደቡ እንዳያልፋችሁ እንጂ ማመልከቻው በነጻ ነው። አባዬ በነጻ የሚለውን ሲሰማ ወጥመድ ይኖረዋል ብሎ ተጠራጠረ።

በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ኮምፒውተር ላይ የቤታችንን ዝርዝር አወጣሁ። መኝታ ቤቱ ልክ ነው። መታጠቢያው ልክ ነው። ቤዝመንት፦ ፊኒሽድ። ከአጠገቡ ማብራሪያው አለ፤ ግድግዳው የተለበጠ፣ ወለሉ የለበሰ፣ ሰው የሚኖርበት ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት።

የእኛን ቤዝመንት ብታዩት። ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ላዩ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ዝናብ ሲጥል በአንደኛው ጥግ ውሃ ያለቅሳል። እኛ ግን ለዚህ እንደ ሳሎን እየገበርን ነበር። ያስገበርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ለአባዬ ስህተቱን አሳየሁት። ማን ነው እንዲህ ያለው እያለ ሲደነፋ ግን እኔ ቅጹን ፍለጋ ዞርኩ። ማመልከቻውን ሞላሁለት። ሰው መጥቶ ያያል ተባለ፤ ቀኑም ማክሰኞ ሆነ።

አሁን ጦርነቱ እቤት ውስጥ ሆነ። የአባዬ ትእዛዝ አንድ ነበር። ምንም ነገር እንዳይነካ፤ አቧራው እንኳ ባለበት ይቆይ። እማዬ ይህን ሰምታ ዝም አለች። እማዬ ዝም ካለች ደግሞ አልተስማማችም ማለት ነው። እሷ ሰላሌ ነው ያደገችው። በልጅነቷ የአሥራት ገማች አዝመራ ሊያይ ሲመጣ አባቷ ምን ያደርጉ እንደነበር እኔን ማድ ቤት አስቀምጣ አጫወተችኝ። ዶሮ ይታረዳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ ምንጣፍ ይነጠፋል። ገማቹ በልቶ ጠጥቶ ሲወጣ ዓይኑ ይከብደዋል፤ ማሳውን በግማሽ ዓይኑ አይቶ ግማሹን ይጽፋል። ያልበላ ገማች ግን ድንጋዩንም ጤፍ ብሎ ይቆጥረዋል። አባትሽ ይህን አያውቅም፣ ከተሜ ነው አለችኝ።

ሰኞ አባዬ ለሺፍት ሲወጣ የጸሎት ቡድኑ ገባ። አሥራ ሁለት እናቶች መጥረጊያ፣ ባልዲና ጨርቅ ይዘው ወደ ቤዝመንት ወረዱ። ምንጣፍ ተነጠፈ። የተላጠው ግድግዳ በአራት መጋረጃ ተሸፈነ። አንዷ ሶፋ፣ ሌላዋ የፕላስቲክ አበባ አመጣች። ሲጨርሱ እዚያው ጸለዩ፤ ግብሩ እንዲወርድ። እኔ በሬን ዘግቼ ከላይ አሜን እላለሁ።

አባዬ ማክሰኞ ጠዋት ወርዶ ሲያይ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«ምን አደረግሽኝ?»

«ሰው እኮ ነው የሚመጣው» አለች እማዬ። «ገመናዬን ላሳየው?»

መጋረጃውን ለማውረድ ጊዜ አልነበረም፤ በሩ ተንኳኳ።

ገማቹ ሽበታም ሰው ነው፣ መጀመሪያ የመጣው ሰውዬ አይደለም። ገና ሳይነገረው ጫማውን አወለቀ። እማዬ በዚህ ወዲያው ወደደችው። ወዲያውም አዘነችለት፤ የቀኝ ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዶ ጣቱ ብቅ ብላ ትታያለች። ዶሮ ወጡን አቀረበችለት። ደንቡ አይፈቅድልኝም ብሎ ውሃ ብቻ ጠጣ። ያልበላ ገማች መሆኑ ነው። እማዬ አየችኝ፤ አለቀልን ማለቷ ነበር።

ቤዝመንት ወረደ። ምንጣፉን አየ፣ ሶፋውን አየ፣ አበባውን አየ። ቆንጆ አድርጋችሁታል አለና ብዕሩን አወጣ። አባዬ ላብ በላብ ሆነ። ባቡሩ መጥቶ ግድግዳውን እንዲያራግፍለት በልቡ ይለምን እንደነበር በኋላ ነግሮኛል። ሌላ ጊዜ ቀኑን ሙሉ የሚያንቀጠቅጠን ባቡር ያን ዕለት የለም። እንግሊዝኛውም ከድቶት «ኖ፣ ኖ» ብቻ ይላል።

እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ። ከበላዬ ክፍሌ አለች፤ ሮጬ ገብቼ መዝጋት እችላለሁ። ግን ዛሬ ከዘጋሁት ነገ የሚዘጋው ተማሪው ነው። ወረድኩ። ሳላስበው መጋረጃውን ይዤ ጎተትኩት።

የተላጠው ድንጋይ ወጣ። እማዬ «ውይ» ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ገማቹ ግድግዳውን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ። ታዲያ ማን ነው ፊኒሽድ ነው ያለው አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር የመሰለኝ። «በእኛ ቋንቋ ሲሠራም አለቀ ነው፣ ሲያረጅም አለቀ ነው። እናቴ አርጅቷል ማለቷ ነበር። ፊኒሽድ... እንደ ካልሲዎ።»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰውየው ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። አውራ ጣቱን አንዴ አነቃነቃት። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ እስኪያነባ ድረስ ሳቀ። ይህን ጊዜ ነው ባቡሩ የመጣው። ከሁለተኛው መጋረጃ ኋላ የግድግዳው ልጣጭ ተራግፎ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ምስክር ይሉሃል ይህ ነው።

አባዬ ግን አልሳቀም። «አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«እማዬ ናት አልቋል ያለችው።»

«ታዲያ ውሸቴን ነው?» አለች እማዬ ከነጠላዋ ውስጥ። «አላለቀም?»

ከወራት በኋላ ደብዳቤ መጣ፤ ግምቱ ወርዷል። ክፍሌ ተረፈች። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ዓይን አፋርነት ይጎዳል፣ መናገር ያተርፋል ብዬ እመክራችሁ ነበር። ግን አላለቀም።

አባዬ ከዚያ ወዲህ ቤት መጠገን እርም አለ። ቀለም? ግምት ይጨምራል። አዲስ ቧንቧ? ግምት። በዓመቱ የእኔ በር እጀታ ወለቀና በሩ አልገጥም አለ። ለምኜ ለምኜ እምቢ አለኝ፤ ቤቱ ማርጀቱ ነው የሚጠቅመን አለ። እንግዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በአንደበቴ ያተረፍኳት ክፍል ውስጥ፣ በማይዘጋ በር ኖርኩ። ረቡዕና ቅዳሜ የጸሎት ቡድኑ ሳቅ በክፍተቱ ይገባል። እማዬ ከታች ሆና ብቻዋን የምታወራው ይገባል። አባዬ ከሺፍት መጥቶ ጫማውን ሲያወልቅ የሚያወጣው ትንፋሽ ይገባል። ያኔ አማርር ነበር።

አምና የአባዬ ጉልበት ደረጃውን እምቢ ሲለው ቤቱን ሸጥነው። አሁን አፓርታማ ተከራይተናል፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ። የእኔ በር ግጥም ብሎ ይዘጋል። ከዘጋሁት ምንም አይሰማም። አንዳንዴ ክፍት እተወውና ብርጭቆ እስኪንቀጠቀጥ እጠብቃለሁ፤ ባቡር የለም።

አባዬ ግን ደስተኛ ነው። ዳንፎርዝ በሄደ ቁጥር ለጋሽ ታምራት የመጨረሻውን መላ እንዳገኘ ይነግራቸዋል። ግብር መቀነስ ምን ያደርጋል፣ እኔ ጭራሽ ተገላገልኩት ይላል።

ባለፈው ሳምንት ከሕንፃው ባለቤት ደብዳቤ መጣ፤ እኔ አነበብኩት። ኪራይ ይጨምራል ይላል። ምክንያቱንም ጽፏል፤ የሕንፃው የፕሮፐርቲ ታክስ ከፍ ስላለ ነው።

«ለምንድን ነው የሚጨምረው?» አለ አባዬ።

ዓይኑን አየሁት። አንድ ጊዜ ተርጉሜ ምን እንደመጣ ታውቃላችሁ። ዝም አይነቅዝም።

«ኑሮ ተወዶ ነው» አልኩት።

«እሱስ ይሁን» አለ፣ «ዋናው የግብሩ ጣጣ ማለቁ ነው።»

አልቋል አልኩት። በየትኛው «አልቋል» እንደሆነ አልጠየቀኝም።